ቱታው የካሃል፣ እጁ የኔሳ

«እጅሽን ብቻ ነው የምቀርጸው አልኩሽ እኮ! ፊትሽ አይታይም!»

«ፊቴ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። የእኔ ፊት አይደለም፣ በቃ። በናትሽ ኔሳ፣ ሁለት ደቂቃ!»

ካሃል ከፀጉሩ ላይ እበት እየጠረገ ነው የሚለምናት። ከአምስት ደቂቃ በፊት ንጹሕ ቱታ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ስልኩን ለእህቱ አስይዞ «ሳልብ ቅረጪኝ» ሲላት ሙሽራ ይመስል ነበር። ፔግ የምትባለው ጥቁር ላም ግን የሙሽራ ወግ አታውቅም። የማሽኑን ማለቢያ ጡቷ ላይ ሊያስገባላት ሲጠጋ አንዴ በእግሯ አቀመሰችው። እንደገና ሲሞክር ጅራቷን አነሳችና የቀረውን ጨመረችለት። ኔሳ በሳቅ ፈረሰች፤ ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

«ሙድ አትያዢብኝ!» አለ ካሃል፣ እሱም ሳቁ እያመለጠው።

«ላሟ ናት ሙድ የያዘችብህ። እኔ ምን አደረግኩ?»

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ላሞቹ በየተራቸው ገብተው በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። ኔሳ መሃል ላይ ካለው ዝቅ ያለ መተላለፊያ ቆማለች። ማሽኑ ይንፈቀፈቃል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከሁሉም በላይ ግን ሬዲዮኑ ይጮኻል። ጣቢያው የካሃል ጣቢያ ነው። ኔሳ ያንን ራስ የሚፈልጥ ሙዚቃ አትወደውም። ግን ከመጋቢት ጀምሮ በየጠዋቱ እስከ ጥግ ድረስ ትከፍተዋለች።

ምክንያቱም የአባቷ የመኝታ ቤት መስኮት ከማለቢያ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ አልጋውም መስኮቱ ሥር ነው። አባቷ ፊንባር ትዉሚ ጉልበቱ ካለቀ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት እግሩ እስኪፈታለት ሁለት ሰዓት ድረስ ከአልጋ መውረድ አይችልም። ተኝቶ ሙዚቃውን ሲሰማ «ካሃል ተነስቷል፤ እያለበ ነው» ይላል፤ ልቡ ያርፋል። እናቷ አይሊን የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ስለሆነች የምትመለሰው ኔሳ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ ነው። ካሃል ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ይመጣና፣ የኤሌክትሪክ ሥራው ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ይተኛል። መጀመሪያ ላይ «ለዛሬ ብቻ ሸፍኚልኝ» ነበር ያላት። ያ «ዛሬ» ይኸው መስከረም ደርሷል።

«ለምንድን ነው ቪዲዮው?» አለች ኔሳ።

«አውስትራሊያ ላንድ ገበሬ። ማለብ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ምናልባት ሌላ ሥራ ቢጠፋ ብዬ… ለመጠባበቂያ።»

«አንተን አይቶ ከሚቀጥርህ ፔግን ቢቀጥር ይሻለዋል።»

«ኔሳ! ቅዳሜ ጠዋት ጥጆቹን እኔ አበላልሻለሁ። ቃል ነው!»

ካሃል ሊሄድ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። እንዲህ አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው! ኔሳ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ሌላውን ቱታውን አወረደችና ለበሰችው፤ ክርኑ ላይ እናቷ አረንጓዴ ጨርቅ የጣፈችበትን። እጅጌውን ሰበሰበች። ፔግን ታፋዋ ላይ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገቻት፤ «እሺ የኔ ወይዘሮ» አለቻት። ፔግ ቀጥ ብላ ቆመች። አራቱ ጡቶች አንድ በአንድ ማለቢያው ውስጥ ገቡ። ካሃል አጎንብሶ ቀረጸ፣ አየው፣ ሳማት፣ እየሮጠ ወጣ።

ማታውኑ ከገበሬው መልስ መጣ። እንዲህ ያለ እጅ ካየ ዘመን እንደሆነው ጽፎ ነበር፤ ሥራው ተሰጥቶታል።

•

በማግስቱ ማታ ድንች፣ የአሳማ ሥጋና ጎመን ቀርቦ ጎረቤታቸው ዶናል ከተፍ አሉ። ዶናል ምግብ ሲቀርብ የማሽተት ስጦታ አላቸው። ካሃል የለም፤ ለቅዳሜው ስንብት የክለቡን አዳራሽ ሊያሰናዳ ሄዷል። ዘንድሮ ከሰፈሩ የእግር ኳስ ቡድን አራት ልጅ ወደ አውስትራሊያ ሄዷል፤ ካሃል አምስተኛው ነው። ለእያንዳንዳቸው ስንብት ተደርጓል፣ ለእያንዳንዳቸው ሁሉም የፈረመበት ማሊያ ተሰጥቷል። ቡድኑ እስከ ገና ድረስ በረኛ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ የለም።

አባቷ ከሆስፒታል የመጣውን ደብዳቤ በሹካው እየገፋ፣ «ለሚቀጥለው ዓመት አዛውሩልኝ ልላቸው ነው» አለ።

እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ፊንባር! ለዚህ ቀጠሮ ሁለት ዓመት ነው የጠበቅነው! እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ ካላልክ ተራህ ይሄዳል፤ ከወረፋው መጨረሻ ነው የምትሆነው!»

«ይሁና። አንድ ዓመት ልታገሥ። ጉልበቴን ቀደው ሌላ ካስገቡልኝ በኋላ ሦስት ወር እግሬን አላነሳም። ካሃል በሌለበት ማን ያልባል? ሲመለስ እሱ ይይዛል፣ እኔም እቀደዳለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ እኔ አልባለሁ፤ ጠዋትም ማታም።»

«በዚህ ጉልበት? ደረጃ መውጣት አቅቶህ ሳሎን ልተኛ ስትል የነበርከው ሰውዬ?»

«እኔ አልባለሁ» አለች ኔሳ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት፤ ከዚያ አባቷ በፍቅር ፈገግ አለ። ይሄ ፈገግታ! በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። «እናቴ፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ። ፎጣ ማቀበልና ስልሳ ሁለት ላም ማለብ አንድ አይደለም። ካሃልን እኮ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምሰማው! ዝናብ አይል፣ ብርድ አይል።»

«ለእሷ ደግሞ ትራክተር ያለው ባል እንፈልግላታለን» አሉ ዶናል፣ አፋቸው በድንች ተሞልቶ።

«ባሉን ለራስዎ ያድርጉት» አለች ኔሳ።

«ኔሳ!» አለች እናቷ።

ዶናል አልተቀየሙም፤ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ረገበ። «የእኔውስ ለአንድ ዓመት ብሎ አልነበር የሄደው? ያ ለወጣቶች የሚሰጡት፣ እየሠሩ አገር የሚያዩበት ቪዛ ለአንድ ዓመት ነው። ሁለተኛ ዓመት ከፈለግክ ግን ገጠር ወርደህ ሦስት ወር እርሻ ላይ መሥራት አለብህ። ልጄ ደወለልኝና ‹አባዬ፣ ላም እያለብኩ ነው› አለኝ። እኔ ቂል ደስ አለኝ! አገሩ ናፍቆት መስሎኝ! ለካ ሁለተኛውን ዓመት እያለበ ኖሯል። ይኸው ሰባት ዓመቱ።»

«የእኔ ልጅ እርሻ አይነካም» አለ አባቷ። «የኤሌክትሪክ ሥራ ተይዞለታል፤ ዓመቱን ሠርቶ ይመጣል። ነግሮኛል።»

ኔሳ ድንቹን በሹካዋ ወግታ ተወችው። ሦስት ወር፤ ላም፤ ሁለተኛ ዓመት። «ለመጠባበቂያ» ነበር ያላት። እሷ ደግሞ እየሳቀች ቱታውን ለብሳ፣ እጇን አውጥታ፣ በገዛ እጇ አለበችለት! ፊቷ በንዴት ጋለ። ሳህኗን ገፋችና ተነሳች።

«ጎመንሽን አልጨረስሽም» አለ አባቷ።

«ጠግቤያለሁ» አለች። እውነቷን ነበር።

•

ካሃልን ያገኘችው ከመኪናው ሲወርድ ነው፤ በእጁ የወረቀት ጌጥ የተሞላ ካርቶን ይዟል።

«ስንት ዓመት ነው የምትቀመጠው?»

«ምን?»

«ፋራ አታድርገኝ! ላንድ ዓመት የሚሄድ ሰው ላም አጠገብ አይደርስም። ዶናል ሁሉንም ተናግረዋል። ስንት ዓመት?»

ካሃል ወደ ቤቱ መስኮት ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ካርቶኑን መኪናው ላይ አስቀመጠ። «ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም!»

«ሁለት። ሦስት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ…» እጁን ኪሱ ከተተ። «አልመለስም ኔሳ። ለሥራ አልመለስም ማለቴ ነው። ለገና፣ ለሠርግ፣ ለምናምን እመጣለሁ። ላሞቹን ግን አልፈልጋቸውም። ፈልጌያቸውም አላውቅ።»

«ታዲያ ንገረዋ!»

«እነግረዋለሁ። ከገና በኋላ፣ በስልክ።»

«በስልክ!» አለች ኔሳ። «ዓይንህን እንዳያይ? እዚህ በአንድ እግሩ እየተንፏቀቀ ስልሳ ሁለት ላም ሲያልብ አንተ ፀሐይ እየሞቅክ በስልክ? ቀጠሮውን ሊሰርዝልህ ነው፣ ታውቃለህ? ጉልበቱን! አንተ እስክትመጣ ብሎ! ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ የሱ ነገር!»

ካሃል ይህን አላወቀም ነበር፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ግን ወዲያው ተቆጣ፤ ጥፋተኛ ሰው ንዴቱ ቅርብ ነው። «እኔ ነኝ ሰርዝ ያልኩት? ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ‹የቦታው ጌታ› እያለ ነው የሚጠራኝ! ሰው ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ኳስ ሜዳ ላይ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ትፈልጋለህ ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

«እኔንስ የጠየቀኝ አለ?»

«አንቺን?» አለ ካሃል። እስከ ዛሬ ይሄ ሐሳብ በአጠገቡ እንዳላለፈ ግልጽ ነበር። ይሄ ደግሞ ከውሸቱ ይልቅ አናደዳት። ስድስት ወር ሙሉ ከአልጋው ሳይወርድ እሷ ስትሠራለት፣ ለምን እንደምትነሳ አንዴም አልጠየቃትም። ለእሱ ብላ መስሎት!

«ኔሳ፣ በማርያም ይዤሻለሁ። ቅዳሜን ልለፍ። ሁሉም ይመጣል፣ አባዬ ንግግር ያደርጋል። አዋርደሽ አትስደጂኝ። ቃል ግቢልኝ፣ አትነግሪውም።»

ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደው፤ ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ካርቶኑን ይዞ ገባ።

•

«ንገሪዋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት ሙረን አርብ ጠዋት በትምህርት ቤት አውቶቡስ። ሙረን ለሁሉም ነገር መልስ አላት፤ በሒሳብ ካልሆነ በቀር።

«ብነግረው ከሃዲ ነኝ። ባልነግረው አባዬ ሽባ ይሆናል። እሺ ብነግረውስ? ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ‹ካሃል ካልተመለሰ ሰው የለኝም› ይልና ላሞቹን ይሸጣል። እዚያው ቆሜ! እያየኝ!»

«አያይሽም ማለት ነው።»

«እንዴት ያየኛል? እኔ እኮ ነኝ የደበቅኩት!»

ድንገት ነበር የወጣት። አፏን ያዘች። ሙረን ስላልገባት ማስቲካዋን ማላመጥ ቀጠለች። ኔሳ ግን ቀኑን ሙሉ ያንን ቃል ስታላምጥ ዋለች። አባቷ ከአልጋው ሆኖ የሚኮራበት ጎበዝ አላቢ ወንድ ልጅ በምን ተሠራ? በሬዲዮኑና በእሷ እጅ። በካሃል መናደድ ቀላል ነበር። በአባቷ መናደድም እንደዚያው። በራሷ መናደዱ ግን ከበዳት። የሒሳብ መምህሯ «ትዉሚ፣ እዚህ ነሽ?» ሲሏት «አዎ» አለች፤ አልነበረችም።

•

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሥር ሰዓት አልፏል። አባቷ የማታውን ማለብ ጀምሯል፤ አንድ እጁን ብረቱ ላይ ተክሎ በሌላው ይሠራል። አንዷን ላም ጨርሶ ወደ ቀጣይዋ ለማለፍ አንድ እርምጃ ሲራመድ ከንፈሩን ይነክሳል። ኔሳ ደብተሯን ወርውራ ቱታ ለበሰች፤ ከሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ያነሳችው የሆስፒታሉ ደብዳቤ ኪሷ ውስጥ ነው።

«ደውለህ ሰረዝክ?»

«እደውላለሁ፤ ይሄን ረድፍ ልጨርስና።»

«አባዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይህ።»

ስልኳን አውጥታ ፊቱ ላይ ያዘችለት። ካሃል ሥራውን ባገኘበት ማታ በደስታ ቪዲዮውን ለእሷም ልኮላት ነበር። አባቷ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበላት። አርባ ሰከንድ ናት። ገና ሲያየው ፊቱ በራ። «ቱታው! እናትሽ የጣፈችው! አየሽው ካሃልን? አየሽ እጁን? ይሄን እኮ ነው የምልሽ፣ ልጁ በደሙ ውስጥ…»

እዚህ ላይ ቆመ። ስልኩ ውስጥ ያለው እጅ የጥቁሯን ላም ታፋ ሁለቴ መታ መታ አደረገ። አባቷ መልሶ ከመጀመሪያው አየው። እንደገና መለሰው። ከዚያ ቀና ብሎ ረድፉ መጨረሻ ላይ የቆመችውን ፔግን አየ። እያነከሰ ሄደና እጁን ዘረጋላት። ፔግ እግሯን አነሳች፤ ብረቱ ጓ አለ። ኔሳ በአጠገቡ አልፋ ሁለቴ መታ መታ አደረገቻት። እግሯን አወረደች።

ካሃል የሚመካበት፣ አባቷ የሚኮራበት፣ ገበሬው የቀጠረው እጅ ይኸውና እፊቱ ነበር፤ ጥፍሩ ስር እበት፣ አውራ ጣቱ ላይ የትምህርት ቤት ቀለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ከመጋቢት።»

«በየጠዋቱ?»

«በየጠዋቱ።»

«ሬዲዮኑስ?»

«እኔ ነኝ የምከፍተው። እሱ እንዲመስልህ።»

አባቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ስድስት ወር ሙሉ እዚያ ተኝቼ ልጄን ስመርቀው…»

«የመረቅከው እኔን ነው።»

አባቷ ስልኩን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «ለማን ነው የተቀረጸው?» አለ።

«አውስትራሊያ ላለ ገበሬ። ለሦስት ወር አላቢ ይፈልጋል።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። አላስፈለገም። አባቷ «ሦስት ወር» አለ፤ ዶናል ያሉት ትዝ አለው። ከዚያ ተነሳ። እንዴት በዚያ ጉልበት እንደዚያ ፈጥኖ እንደተነሳ እንጃ! ፎጣውን ግድግዳው ላይ ወረወረው፤ ላሞቹ ሁሉ ደንብረው ተገፋፉ።

«ሁላችሁም! ሁላችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ! በገዛ ቤቴ መጫወቻ አደረጋችሁኝ! እሱስ ይሁን፣ አንቺ? አንቺም?»

«አዎ እኔም!» ኔሳም ጮኸች። ለመጮህ አስባ አልነበረም። «ዋሽቼሃለሁ፤ ጥፋቴ ነው። ግን አንተስ? እሱ ሊሄድ ስለሆነ ጉልበትህን ልትሰዋ ነው! እሱ ካልመጣ ላሞቹን ልትሸጥ ነው! እኔ እዚህ ቆሜ! ማታ ማታ አጠገብህ ማን ነው ያለው? የትኛዋ እንደምትራገጥ፣ የትኛዋ ጡቷን እንደሚያማት ማን ነው የሚነግርህ? ‹እኔ አልባለሁ› ስልህ ሳቅክብኝ! ዶናል ባል ሲፈልጉልኝ ምንም አላልክ! ለእኔ እኮ ማንም ሬዲዮ አልከፈተልኝም አባዬ፤ እንዲሁ ነው የማትሰማኝ!»

እንባዋ መጣ። ሐዘን እንዳይመስለው ብላ በእጅጌዋ ሙልጭ አድርጋ ጠረገችው፤ ንዴት ነበር።

ማሽኑ ይሠራል። የመጀመሪያዋ ላም ጨርሳ ማለቢያው እየተንጠለጠለ ነው፤ ላም ደግሞ የሰው ጭቅጭቅ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ኔሳ ደብዳቤውን ከኪሷ አውጥታ ብረቱ ላይ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠችው። «አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው» አለችና ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ሥራዋ ዞረች። የግራውን ረድፍ አወጣች። በሩን ከፈተች፣ ቀጣዮቹን አስገባች፣ ጡታቸውን አጠበች። ላሞቹ ለምደዋት ስለነበር አልተራገጡባትም።

ከኋላዋ የአባቷ ድምፅ መጣ። ስልክ ሲያወራ ሁልጊዜ ይጮኻል፣ የኤሌክትሪክ አጥር የነካው ይመስል።

«ትዉሚ። ፊንባር ትዉሚ… ስለ ጉልበቴ ነው። አዎ… አይ፣ ለማዛወር አይደለም። እመጣለሁ ለማለት ነው።» አዳመጠ። «ቤት ማን አለ ነው ያልሽኝ? ባለቤቴ አለች።» እንደገና አዳመጠ። «እርሻው አይቆምም። ልጄ ኔሳ አለች። ላሞቹን የምታልበው እሷ ናት።»

ኔሳ ዞራ አላየችውም። ብታየው ድጋሚ ታለቅሳለች።

•

ካሃል ግቢ ሲደርስ አባቱ በምርኩዙ ወጥቶ ጠበቀው። ምን እንደተባባሉ ኔሳ አልሰማችም። የደረሳት ጩኸቱ ብቻ ነበር። ካሃል ማለቢያ ቤቱ በር ላይ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ነገርሽው።»

«አልነገርኩትም። እጄን ነው ያሳየሁት።»

«ያው ነው!»

«ያው አይደለም። እጁ የእኔ ነው።»

«ስንብቴን ገደልሽው።»

«ስንብትህ ነገ አለ፤ ማሊያህም አለ። አባዬ ንግግር ካደረገ ግን እውነቱን አውቆ ነው የሚያደርገው።»

«ከሃዲ» አለ ካሃል፣ ግን እንደ ሕፃን ነበር ያለው። በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ። ኔሳ ልትከተለው አልቻለችም፤ የቀጣዩ ረድፍ ተራ ደርሶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆሟል። ኔሳ ማሽኑን አስነሳችና እንደ ልማዷ እጇን ወደ ሬዲዮኑ ሰደደች። ቁልፉ ላይ ጣቷን አሳርፋ ትንሽ ቆመች። ዝናብም ሬዲዮም ስለሌለ ከጥጆቹ ጎጆ የባልዲ ድምፅ ተሰማት። ከዚያ አንድ ሰው እያዛጋ «አንድ ባንድ! አትጋፉ እናንተ!» አለ። ካሃል ነው። ከትናንት ጀምሮ አላናገራትም፤ ዛሬም የሚያናግራት አይመስልም። ጥጆቹን ግን እያበላ ነበር።

እጇን ከሬዲዮኑ መለሰች። የመጀመሪያዎቹን አለበች፣ ሁለተኛውን ረድፍ አስገባች፤ ከእነሱ ጋር ፔግ መጣች። ሁለቴ መታ መታ አደረገቻት። «እሺ የኔ ወይዘሮ» የምትላት ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነበር። ዛሬ ደረቷን ነፍታ ተጣራች።

«ፔግ! እግርሽን! ቁሚ እንግዲህ!»

ከግቢው ማዶ የአባቷ መስኮት ተከፈተ። ኔሳ ቀና አላለችም። ገና አርባ ሁለት ላሞች ይቀሯታል።